ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ፦ የ10,000 ብር ጭማሪ ያዋጣኛል?

የላብራቶሪዋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ በግል ተቋም የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ያልተጣራ ደሞዜ 18,000 ብር ነው። አሁን አዲስ አበባ 28,000 እንክፈልሽ ብለውኛል። እዚህ ኪራዬ 3,500 ነው፣ ሥራ የምሄደውም በእግሬ ነው። እዚያ ለቡ አካባቢ ያየሁት ክፍል 8,500 ነው። ለታክሲ 1,500 ገምቻለሁ፣ እናቴን ለማየት በወር አንዴ ብመላለስ ደግሞ ሌላ 1,500። ደምሬ ስቀንሰው 2,000 ይተርፈኛል፣ ግን ልቤ አላመነበትም። መልስ የሚፈልጉት እስከ ዓርብ ነው። የረሳሁት ነገር አለ?

ደሞዝ ሠሪ፦
እህቴ፣ ግብሩን ረስተሻል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ደሞዝ ላይ 35 በመቶ ነው የሚቆረጠው፣ አንቺ ደግሞ ድሮውንም ከዚያ በላይ ስለሆንሽ ጭማሪው በሙሉ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። የጡረታ 7 በመቶ ሲጨመር 42 ሆነ። ከ100 ብር እጅሽ የሚገባው 58 ብቻ ነው። አሁን 12,490 ይደርስሻል፣ እዚያ 18,290። ልዩነቱ 5,800 ነው፣ ወጪሽ ግን 8,000 ይጨምራል። በየወሩ 2,200 ትከስሪያለሽ!

ከወጪው ተነሺ። 8,000ን ለ0.58 ስታካፍይው 13,800 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ ያለሽበት ኑሮ ላይ ለመቆየት ብቻ 31,800 ያስፈልግሻል።

ከባሕር ዳር የመጣሁ፦
የመጀመሪያውን ወጪስ? ለጭነት፣ ለደላላ፣ ለአልጋና ለምድጃ እኔ 24,000 ብር ገደማ አውጥቻለሁ። ለሁለት ዓመት ብታካፍይው በወር 1,000 ነው፣ ስለዚህ የምትጠይቂው ወደ 33,500 ይጠጋል። ደግሞ አደራ፣ አከራዬ የ6 ወር ቅድሚያ ሲለኝ ሳላውቅ ከፍዬ ለወራት ተቸግሬያለሁ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅን ይከለክላል፣ ውሉም ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም።

ሰላም ለኪ፦
ሒሳባችሁ ልክ ነው፣ ግን ሥራው ሊቋረጥ እንደሚችል አልቆጠራችሁም። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፣ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። ከአምስት አንድ ዕድል አለው ብለሽ ብትገምቺ፣ የ24,000 አንድ አምስተኛ 4,800 ብር ነው፣ እሱንም ወጪ ላይ ደምሪው። እኔ ብሆን ሙከራው እስኪያልፍ አንድ ሻንጣ ብቻ ይዤ ከሌላ ሴት ልጅ ጋር ክፍል እጋራ ነበር። ደግሞ የሐዋሳው ደሞዝሽ ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንቴ ጨመረ? ካልጨመረ እሱም ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

የላብራቶሪዋ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስሠራው አደርኩ። ደሞዜ በሦስት ዓመት አንዴ ብቻ ነው የጨመረው። ክፍሉን ብጋራ ኪራዬ 4,250 ይሆናል፣ ያኔ በ28,000ም ቢሆን በወር 2,050 ይተርፈኛል፣ ብቻዬን ከሆነ ግን አልሄድም። 32,000 ጠይቄያቸዋለሁ፣ ሰኞ እንነግርሻለን ብለዋል። ለቡ ወይም ጀሞ ክፍል የምትጋራ ልጅ የምታውቁ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ።