ነሐሱ ከመፍሰሱ በፊት ጭቃውን ማን ይየው?

ጠያቂ፦
በሥራ ላይ እያለ ለሞተ ሐኪም መታሰቢያ ሐውልት የሚያሠራ ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። ቀራፂው የጭቃውን ሥራ ሲጨርስ ሁለት ፎቶ ላከልን፤ አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን። በስልካችን አይተን «ጥሩ ነው፣ ይቀጥል» አልን። ቤተሰቡን እንጥራ ያለ አልነበረም፤ እኔም አላልኩም። በምረቃው ቀን መጋረጃው ሲነሳ የሟቹ ባለቤት ቀጥ ብላ ሄዳ እጁን ያዘች። ብዕሩ በቀኝ እጁ ነው። «እሱ እኮ ግራኝ ነበር» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አቋሜ አንድ ነው። የአደባባይ ሐውልት ነሐስ ከመሆኑ በፊት ቤተሰብም፣ ነገ በፊቱ የሚያልፈው ሕዝብም ጭቃውን በአካል አይቶ «ይሁን» ወይም «አይሁን» ሊል ይገባል። በውሉ ውስጥ ይጻፍ ባይ ነኝ። ምን ትላላችሁ?

ቀራፂ፦
ወንድሜ፣ ጥፋቱ የኮሚቴው ነው፣ አንተም አልሸሸግከውም። መድኃኒትህ ግን ከበሽታው ይብሳል። ሕዝብ «አይሁን» ሲል ምን እንደሚሆን ታይቷል። ፈረንሳዊውን ቀራፂ ኦጉስት ሮዳንን በ1891 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የፈረንሳይ ደራስያን ማኅበር የደራሲውን የባልዛክን ሐውልት እንዲሠራ አዘዘው። በ18 ወር አደርሳለሁ ያለውን 7 ዓመት ለፋበት። የጄሶው ሐውልት በ1898 ለሕዝብ ሲታይ ተሳለቁበት፤ ማኅበሩም አልረከብም አለ። ሮዳን ሥራውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ሐውልቱ በነሐስ ተሠርቶ ፓሪስ ውስጥ የቆመው በ1939 ነው፤ ሮዳን ከሞተ 22 ዓመት አልፎት። ዛሬ ከታላላቅ ሥራዎቹ ተርታ የሚቆጠር ነው። በእጅ ማውጣት ድምፅ ቢወሰን ኖሮ አንድም ደፋር ሐውልት ባልቆመ።

ታሪክ አንባቢ፦
ተቃራኒውም ምሳሌ አለ። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ሴለሮን በምትባል መንደር፣ እዚያ ላደገችው ለተዋናይት ሉሲል ቦል በ2009 የነሐስ ሐውልት ቆመ። ፊቱ ፈጽሞ እሷን ስለማይመስል ሰዉ «አስፈሪዋ ሉሲ» የሚል ስም አወጣለት። በ2016 ሌላ ቀራፂ የሠራችው አዲስ ሐውልት ቆመላት። የሚያውቋት ሰዎች ጭቃውን ዞር ብለው ቢያዩት ኖሮ ነሐስ ሁለት ጊዜ ባልፈሰሰ።

ግን ማሳየት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በቦስተን ለማርቲን ሉተር ኪንግና ለባለቤቱ ለኮሬታ መታሰቢያ የቆመው «እቅፍ» የተባለው ነሐስ፣ ንድፉ ከሌሎች ዕጩዎች ጋር ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት ተሰብስቦበት ነበር። በጥር 2023 ሲገለጥ ግን፣ ክንድ ብቻ ሆኖ ፊት ስለሌለው ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሳ። በሥዕል ያዩት ነገር ስድስት ሜትር ሆኖ ከፊታቸው ሲቆም ሌላ ሆነባቸው። ስለዚህ «ሕዝብ ይየው» ስንል ምኑን ይየው?

የማቅለጫ ባለሙያ፦
ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው፤ እኔ ነሐስ ከሚፈስበት በኩል ልናገር። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ጭቃው አይተርፍም። ላዩ ላይ የሲሊኮን ጎማ ይቀባል፣ ጎማውን የሚደግፍ ጄሶ ይለብሳል፤ ጎማው ሲላቀቅ ጭቃው ተቆራርሶ ይወጣል። ከዚያ በጎማው ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሰም ይወጣል። ሰሙ ሴራሚክ እየተነከረ ይለብሳል፣ እቶን ገብቶ ቀልጦ ይፈስሳል፤ በለቀቀው ክፍተት 1,100 ዲግሪ ገደማ የደረሰ ነሐስ ይገባል። የሰው ቁመት ያለው ሐውልት ብዙውን ጊዜ በአንድ አይፈስም፤ ራሱ ለብቻ፣ ክንዱ ለብቻ፣ ከዚያ ብየዳ።

እና የሐኪሙ እጅ? በጭቃ ሳለ የጥቂት ቀን ሥራ ነበር። አሁን ሁለቱም ክንድ ተቆርጦ፣ ከጭቃ ተጀምሮ እንደገና ሊፈስ፣ ሊበየድና ሊሞረድ ነው። ቀለሙ ደግሞ በእሳትና በኬሚካል ነው የሚወጣው፤ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማስመሰል እኛን የሚያስጨንቀን እሱ ነው። ስለዚህ ጭቃውን ማየት ግዴታ ይሁን እላለሁ። ነገር ግን በሚቆምበት ከፍታ! ሁለት ሜትር መደብ ላይ የሚወጣን ሐውልት ከታች ሲያዩት ራሱ ስለሚያንስ ቀራፂዎች አውቀው ራሱን ገዘፍ ያደርጉታል። ያንን ጭቃ መሬት አውርዳችሁ ቤተሰብ ብትጠሩ «ራሱ በዛ» ይላሉ፣ ቀራፂውም ያሳንሰዋል፣ አደባባይ ሲወጣ ባለ ትንሽ ራስ ሰው ይሆናል።

የሌላ ሟች ልጅ፦
ለአባቴ ሐውልት ቆሞለታል፤ ጭቃውን አሳይተውናል። ታላቅ ወንድሜ «ትከሻውን ቀና አድርጉልን» አለ። አባቴ ጎበጥ ይል ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ያጎነበሰ ሰው ነው። ቀራፂው በትሕትና እምቢ አለ፣ እኛም ተቀየምን። ዛሬ መንገዱን ስሻገር ከሩቅ፣ ከጀርባው አውቀዋለሁ። በዚያ ትከሻ ነው የማውቀው። ጋሼ ቀራፂ፣ እርስዎ የፈሩት ይገባኛል። ያን ቀን ድምፅ ብንሰጥ ወንድሜ ያሸንፍ ነበር፣ እኔም እጄን አወጣ ነበር። ሐዘን ውስጥ ያለ ሰው የሚፈልገው የሞተውን ሰው ሳይሆን እንከን የሌለውን ነው። የማላውቀው አላፊ አግዳሚ ደግሞ ባልደረቀ ጭቃ የአባቴን አፍንጫ ሲተች መስማት አልችልም ነበር።

ጠያቂ፦
እህቴ፣ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። «ይሁን፣ አይሁን» ያልኩትን አንስቻለሁ። የሕዝቡንም ነገር ትቼዋለሁ፤ ሕዝቡ ቦታውንና ከፍታውን ይከራከርበት። የፈረንሳይዋ የካሌ ከተማ ሮዳን በሐውልት የሠራቸውን ስድስት ሰዎች በ1895 ከፍ ባለ መደብ ላይ አቆመቻቸው። እሱ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ እንዲቆሙ ይፈልግ ነበር፤ የወረዱት በ1924፣ ከሞተ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ሕዝብ ይነጋገርበት። ለቤተሰብ ግን አንድ ነገር አልለቅም፤ የእውነት ስሕተትን የማስታረም መብት ይኑራቸው። ግራኝ ከሆነ ግራኝ ነው። ስለ ውበቱ ቀራፂው ይወስን።

ቀራፂ፦
እዚህ ላይ ተቀራርበናል፤ ግን ያ ትከሻ እውነት ነው ወይስ ውበት? ወንድምየው እኮ «ተሳስታችኋል፣ አባታችን እንዲህ አልነበረም» ሊል ይችል ነበር። መስመሩን ማን ያሰምረዋል? እኔ የምለምነው ሌላ ነው። ጭቃው ካለቀ በኋላ ከምትጠሩኝ፣ ሳልጀምር ጥሩኝ። ባለቤቱ ካለችበት ቤት ግማሽ ቀን ልቀመጥ፤ ፎቶዎቹን፣ ጫማውን፣ ኮቱን ልይ። እንዴት ይቆም እንደነበር ልጁ ተነስቶ ያሳየኝ። ይህንን በውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ አድርጉት፤ ብዕሩ በየትኛው እጅ እንደነበር ያን ቀን እሰማው ነበር።

ጠያቂ፦
ይጻፍ፤ ሁለቱም ይጻፍ። መጀመሪያ ቤተሰቡ ቤት ግባ፣ ጭቃው ሲያልቅም በሚቆምበት ከፍታ ላይ አሳያቸው። ጎማው የሚቀባው ባለቤቱ ጭቃውን ዞር ብላ ካየች በኋላ ይሁን። በፎቶ አይሆንም።