ለአዋሽ ፈንታሌ ተፈናቃዮች የሰበሰብነውን በምን እናድርሰው?

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ 2017 ሌሊት መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እኛ ፎቅ ላይ አልጋችን ተወዛወዘ፤ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ግን ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ።

በሕንፃችን እድር 43 ብርድ ልብስ፣ 2 ኩንታል ዱቄት፣ ግማሽ ኩንታል በሶና 18,400 ብር ሰብስበናል። አራተኛ ፎቅ ያሉ እናት ያን ሌሊት ተከናንበው የወረዱበትን ጋቢ አጥበውና አጣጥፈው ሰጡን። ሌላ እንደሌላቸው ስለምናውቅ መቀበሉ ከብዶን ነበር።

የቸገረን ማድረሻው ነው። ያነጋገርነው አይሱዙ 25,000 ብር ጠየቀ፤ ካዋጣነው ብር ሁሉ ይበልጣል። አንድ ቢሮ ደግሞ ያገለገለ ነገር አንቀበልም ብሎ መለሰን፣ ጋቢውም አብሮ ተመለሰ። ዕቃው ደረጃ ሥር ከተቀመጠ 9 ቀኑ ነው። ትናንት አንዱን የበሶ ከረጢት አይጥ ቀዶት አገኘነው።

ወደ ጅቡቲ ባዷቸውን የሚወርዱ ከባድ መኪኖች በአዳማና በመተሃራ አድርገው አዋሽን ያልፋሉ። በእነሱ እርዳታ ልካችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ለመስማማት ማነጋገር ያለብን ሹፌሩን ነው ወይስ ባለንብረቱን?