ካይት ላይ ስልክ አስሬ ጨፋን ላነሳ ብዬ... ምክር ስጡኝ

የቦርከና ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ድሮን የለኝም፤ ቢኖረኝም ፈቃዱ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ካይት ሠራሁ፤ በክር ይዘው በነፋስ የሚያበሩትን። ልጅ ሆነን በፌስታል የምንሠራው ዓይነት አይደለም፤ ከዣንጥላ ጨርቅ ያሰፋሁት ነው፣ ሁለት ሜትር ይሆናል። አሮጌ ስልኬን አስሬበት በየ5 ሰከንዱ እንዲያነሳ አደረግሁ።

ማንሳት የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የጨፋ ረግረግ። ሌላው ከላይ ተረተሩ ላይ ያለው የአያቴ መንደር። ሰው ለቆት መንገድ ዳር ከወረደ ቆይቷል። አሁን ቁልቋልና የድንጋይ ክምር ነው። አያቴ ግን «ይሄ የእከሌ ደጅ፣ ይሄ ጋጣ» እያሉ ይቆጥሩታል። ለእኔ ሁሉም ድንጋይ ነው። ከላይ ቢታይ ይለይ ይሆናል ብዬ ነው።

ቅዳሜ ረግረጉ ላይ ሞከርኩ። 214 ፎቶ፤ ጥርት ያለው 3። ከሦስቱ አንዱ የገዛ ጫማዬ ነው። ከዚያ ነፋሱ ድንገት ቆመና ካይቱ ፊላው መሃል ወደቀ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ገባሁ። አንድ እረኛ ልጅ በዱላው ስቦ አወጣልኝና «ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አለኝ።

ስልኩ እንዳይንቀጠቀጥ ምን ላድርግ? ለፍርስራሹስ ስንት ሰዓት ይሻላል?

ሲባጎ፦ ካይቱ ላይ ካሰርከው በቃ፣ ችግሩ እሱ ነው። መጀመሪያ ካይቱን ብቻውን ልቀቀው። 30 ሜትር ያህል ወጥቶ ሲረጋ ስልኩን ክሩ ላይ አንጠልጥል። ማንጠልጠያው ፒካቬ ይባላል፤ ፒየር ፒካቬ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1912 ያመጣው ነው። የመስቀል ቅርጽ ያለው እንጨት፣ አራቱም ጫፍ ላይ ቀለበት። አንድ ወጥ ገመድ በቀለበቶቹ ይሾልክና ካይቱ ክር ላይ ሁለት ቦታ ይታሰራል። ክሩ ቢያዘነብልም መስቀሉ አግድም እንደሆነ ይቀራል። እኔ በመጋረጃ ቀለበት ሠርቼዋለሁ፣ አብሽር። ጓንት ግን አትርሳ፤ እኔ መዳፌን ተልጬ ነው የተማርኩት።

የሐይቋ፦ ቀትር ላይ አትልፋ፣ ጥላ የለም። ከ11 ሰዓት በኋላ ስንዝር የማትሞላ ድንጋይ እንኳ ጥላዋ ይረዝማል፤ ቆመህ ያላየኸው የግድግዳ መስመር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ክፋቱ ያን ሰዓት ነፋሱም ይደክማል። ሐይቅ ዳር ስንቴ አበሳጭቶኛል! ተረተር ላይ ግን ቶሎ አይሞትም፣ ዕድለኛ ነህ።

አያ ሙሄ፦ ሎውረንስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1906 ሳንፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥ ከወደመች በኋላ ካሜራውን የሰቀለው በ17 ካይት ነው። አንተ በአንዱ ጭቃ ገባህ 😂 የምሬን ግን፣ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ እንዳትሞክረው። ጨፋም በበጋ ከብት ይሞላል፣ ይደነብራል። እረኞቹን ቀድመህ አናግር፣ ፎቶውንም አሳያቸው።

የቦርከና ልጅ፦ ተመልሻለሁ። ረግረጉን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ተረተሩ ላይ 11፡20 ሲል አነሳሁ። ፒካቬው ሠራ! የቤቶቹ ክብ ሁሉ ይታያል፤ ዘጠኝ ቆጠርኩ። ለአያቴ ሳሳያቸው ስልኩን ተቀብለው ገለበጡት፣ ደግሞ አዞሩት። «ደጁ በዚህ በኩል ነው» አሉኝ። ከዚያ አሥረኛውን አሳዩኝ።