ውሻ ይዘን በባለ ሸራ ጀልባ ከጅቡቲ ወደ ታጁራ ልንሄድ ነው፤ ምን እናዘጋጅ?

የቦርከናዋ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ጅቡቲ ነው የሚሠራው። የሥራ ባልደረባው ባለ ሸራ ጀልባ አለው። ታኅሣሥ ላይ ልጆቹን ይዤ ስወርድ ከጅቡቲ ከተማ በባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለችው ታጁራ ሊወስደን ቃል ገብቷል። ልጆቹ ያለ ውሻችን ቡቺ አንሄድም ብለዋል። ቡቺ 20 ኪሎ ይመዝናል፣ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ከኮምቦልቻ ወጥቶ አያውቅም። እኔ የምፈራው ዘሎ ባሕር እንዳይገባ ነው። ምን ላድርግ?

የእንስሳት ሐኪም (ደሴ)፦
አብሽሪ እህቴ። መዝለሉ ያሳስባል፤ እኔን ግን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሙቀቱ ነው። ውሻ እንደ እኛ በላብ አይቀዘቅዝም፣ የሚያለከልከው ለዚያ ነው። አየሩ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን ደግሞ ማለክለኩ ብዙም አይረዳውም። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ ጅቡቲ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት ጥቂት ቀን አየሩን ይልመድ። ይቀልለው ብለሽ ግን ፀጉሩን አትላጪው፤ ከፀሐይ ይከላከልለታል።

ውሃ ላይ አትቆጥቢ። በደህናው ቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል፤ ለቡቺ 1 ሊትር ከምናምን ማለት ነው። ለባሕሩ ለብቻው 3 ሊትር ያዢለት። ጠምቶት የባሕር ውሃ ከጠጣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ከበዛም ጨው አንጎሉን ይጎዳል። የተጠማ ውሻ የትኛው ውሃ እንደሆነ አይመርጥም፤ ሳይለምን አጠጪው። ማለክለኩ ካላቆመ፣ ድዱ በጣም ከቀላ፣ ከተንገዳገደ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ሰውነቱን ውሃ አርሱት፣ አራግቡለት፤ ከዚያ ወዲያው ወደ ሐኪም።

ሌላም ልጨምር። ባሕር ቢያናውጠው ከራስሽ ቦርሳ ኪኒን አውጥተሽ እንዳትሰጪው። ፓራሲታሞልም አይቡፕሮፌንም ለውሻ መርዝ ናቸው። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከፈለግሽ ቀድመሽ አምጪውና በክብደቱ ልክ ይታዘዝለት።

ባለ ጀልባ (ጅቡቲ)፦
ከጅቡቲ ከተማ ታጁራ በቀጥታ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለ ሸራ ጀልባ ደህና ነፋስ ካገኘ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በታኅሣሥ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚመጣ መሄጃው ቀላል ነው፤ ከኋላና ከጎን ይገፋችኋል። ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ሸራ ነፋስን ፊት ለፊት ሰንጥቆ አይሄድም፣ ዚግዛግ መሥራት አለበት። መንገዱ ይረዝማል፣ ጀልባው ያዘነብላል፣ ማዕበሉ ይረጫችኋል። ውሻ የሚጨነቀውም የሚንሸራተተውም ያን ጊዜ ነው።

ዘሎ እንዳይገባ ላልሽው፣ ጀርባው ላይ እጀታ ያለው የውሻ ላይፍ ጃኬት ግዢ። ቢወድቅ በእጀታው ጎትታችሁ ታወጡታላችሁ። ገመዱን አንገቱ ላይ አትሠሪ፤ ቢንሸራተት ይሰቀላል። በደረት ማሰሪያ ይሁን፣ ርዝመቱም ከጀልባው ጠርዝ የማያሳልፈው። ሸራው አቅጣጫ ሲቀይር የታችኛው አግድም ምሰሶ በኃይል ስለሚወረወር ልጆቹም ቡቺም ዝቅ ብለው ይቀመጡ። አንድ ትልቅ ሰው ውሻውን ብቻ ይጠብቅ። በዚያ ወቅት ዌል ሻርኮች የሚባሉ ግዙፍ ዓሦች ወደ ባሕረ ሰላጤው ይመጣሉ። ሰው አይነኩም፣ በጣም ደስ ይላሉ! ቡቺ ግን ሲያያቸው መዝለል ስለሚያምረው ቀድማችሁ ያዙት።

የሚሌ መስመር ሹፌር፦
ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ፣ በሎግያ አድርጋችሁ ድንበሩ ላይ ጋላፊ ነው የምትወጡት። ከባቲ በታች ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ሌሊት ተነሱ። ኬላ ላይ ወረፋ ሲያዝ ውሻውን የተዘጋ መኪና ውስጥ ትታችሁ እንዳትወርዱ፣ ለደቂቃም ቢሆን። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዱንና የጤና ሰርተፊኬቱን በእጃችሁ ያዙ። የመግቢያ ፈቃዱን ከጅቡቲ ኤምባሲ ጠይቁ፣ ወደ ኢትዮጵያ መመለሻውንም ጭምር አጣሩ። ክትባቱን አሁኑኑ ያስወጉት፤ ብዙ አገሮች ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንዲያልፈው ይፈልጋሉ።

ሐይቅ ዳር፦
እዚሁ አለማምዱት እንጂ! ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መጀመሪያ የቆመ ጀልባ ላይ አውጡት፣ ሥጋ ስጡት፣ አውርዱት። ሌላ ቀን ትንሽ ቅዘፉለት። ላይፍ ጃኬቱንም እዚያው ይልበሰው። ሌላው ሽንት ነው። ግቢ የለመደ ውሻ ጀልባ ላይ ሰዓታት ይይዛል። ከአሁኑ አንድ ቁራጭ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ እንዲሸና አስለምዱት፣ ያንኑ ይዛችሁ ሂዱ። ደግሞ ታጁራ ስትወርዱ ገመዱን አሳጥሩ። እንደ እኛው ወሎ ብዙ ሰው የውሻ ምራቅ ልብሱን እንዲነካው አይፈልግም፣ ሶላት አለበት።

የቦርከናዋ (ኮምቦልቻ)፦
አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ክትባቱን ነገ ጠዋት አስወጋዋለሁ። መመለሻው አስጨነቀኝ። ቡቺን ብቻ በመኪና መመለስ ይቻላል?

ባለ ጀልባ (ጅቡቲ)፦
ይቻላል፣ እኔም የምመክረው እሱን ነው። ከታጁራ ጅቡቲ የአስፋልት መንገድ አለ። ባለቤትሽ መኪናውን አስቀድሞ ታጁራ ያስልክ። ጠዋት ነፋሱ ከበረታ እናንተም በዚያው ትመለሳላችሁ፤ ጀልባውን የባለቤትሽ ባልደረባ ብቻውን ይዞት ይምጣ።