አሮጌ የጦር አውሮፕላኖች ይብረሩ ወይስ ይቁሙ?

ፕሮፔለር፦ ባለፈው ስለ ዳላሱ አደጋ ስናወራ ነገሩ ሳይቋጭ ቀረ። ላልሰማችሁ በአጭሩ፦ በ2022 (ዓመቱን በፈረንጆች ነው የምጽፈው) ዳላስ ላይ በተካሄደ የአየር ትርዒት አንድ ቢ-17 ቦምብ ጣይና አንድ ፒ-63 ተዋጊ አየር ላይ ተጋጭተው ስድስት ሰው ሞተ። ሁለቱም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አውሮፕላኖች ናቸው። ጥያቄዬ ይኸው፦ እነዚህ ነገሮች ዛሬም መብረር አለባቸው ወይስ ይብቃቸው? እኔ ይብረሩ ባይ ነኝ። ላንካስተር፣ ያ የእንግሊዝ የጦርነቱ ዘመን ቦምብ ጣይ፣ ከነአራት ሞተሩ ራስህ ላይ ሲያልፍ ድምፁ ደረትህ ውስጥ ይገባል። የቆመ ላንካስተር ግን ለእኔ ትልቅ ጥቁር ብረት ነው።

የታሪክ ተማሪዋ፦ ድምፁን አልክድም፤ እኔም ስሰማው ሰውነቴን ወሮኛል። ግን ቁጥሩን እንይ እስኪ። ላንካስተር 7,377 ተሠርቶ ዛሬ የሚበረው ሁለት ብቻ ነው። አንዱ እንግሊዝ፣ አንዱ ካናዳ። ቢ-17 ከ12,700 በላይ ተሠርቶ የሚበሩት በጣት ይቆጠራሉ። ዳላስ ላይ አንዱ በሰከንዶች ውስጥ ብትንትኑ ወጣ። ከዓለም ሁለት ብቻ የቀረ የብራና መጽሐፍ ይዞ በዝናብ የሚዞር ሰው ብታዩ ዝም ትሉታላችሁ?

መፍቻ፦ ሞተር ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚህ ሁሉም ስለ ዕድሜ ያወራል። ዕድሜ ብቻውን አይጥልም። የዳላስ መርማሪዎች አውሮፕላኖቹ አርጅተው ነው አላሉም። ከበረራው በፊት ማን በየት በኩል፣ በምን ከፍታ እንደሚያልፍ በቅጡ የሚለይ ዕቅድ አልነበረም። በሬዲዮ እየተነገራቸው፣ አብራሪዎቹም እርስ በርስ እየተያዩ ይተላለፋሉ ተብሎ ነበር። በዚህ አካሄድ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ አውሮፕላንም ይጋጫል።

አሜሪካ ውስጥ የደረሰውን የኮኔቲከቱን አደጋ ደግሞ ውሰዱ። በ2019 መንገደኞች ጭኖ የተነሳ ቢ-17 ሞተሩ አስቸግሮት ሊመለስ ሲል ተከሰከሰ። ሰባት ሰው ሞተ። ሞተሩ ካንዴላዎቹን የሚያቀጣጥሉ ሁለት ማግኔቶዎች አሉት፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲሸከም። አራተኛው ሞተር ሲፈተሽ የአንዱ ማግኔቶ ገመድ በሽቦ እንደነገሩ ተጠፍሮ ተገኘ። የሌላው ብልጭታ ደካማ ነበር፤ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ይሄን እርጅና ብዬ አልጠራውም። ሥራውን ያልሠራ ሰው አለ።

የታሪክ ተማሪዋ፦ ጋሼ መፍቻ፣ በሙያዎ አልከራከርዎትም። ግን የእርስዎ ዓይነት ሰው ከየት ይመጣል? በዘመናቸው እነዚያን ሞተሮች የነኩ ሰዎች አልፈዋል። የእንግሊዙ ቦምብ ጣይ ጄት ቩልካን በ2015 መብረር ያቆመው ተከስክሶ አይደለም። ሮልስ ሮይስን ጨምሮ የቴክኒክ ድጋፍ ይሰጡ የነበሩ ኩባንያዎች ከዚያ ዓመት በኋላ እንደማይቀጥሉ ስላስታወቁ ነው። በሰላም አረፈ፤ ሙሉ አካሉ ዛሬም አለ። ሁሉም እንዲህ ቢያርፍ ምን ነበረበት?

ንስር፦ ሙዚየም ማለት ደህና ቦታ ነው ያለው ማነው? በ1978 የሳንዲያጎ የአየር ሙዚየም ነዶ በርካታ አውሮፕላኖች አመድ ሆኑ። በ1990 ፓሪስ አጠገብ የለ ቡርዤ ሙዚየም መጋዘን ተቃጠለ። በ1993 ካናዳ ሃሚልተን ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆሚያ መጋዘን) ተቃጥሎ አንድ ሃሪኬን ተዋጊ አውሮፕላን ጠፋ፤ ያ የሚበረው ላንካስተር ለጥቂት ተረፈ። አንድም ሳይበሩ ነው እንግዲህ የጠፉት።

የታሪክ ተማሪዋ፦ ሃሚልተን እኮ አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች ሃንጋር ነው! ምሳሌህ ለእኔ ነው የሠራው። ደግሞ ለእሳት የሚገዛው የእሳት ማጥፊያ ነው እንጂ የበረራ ፈቃድ አይደለም።

ፕሮፔለር፦ ሃሃ፣ ያዘችህ። ግን "ቅርስ" የምትዪው ምኑ ነው? የእንግሊዙ ላንካስተር የክንፉ ዋና ተሸካሚ ብረት በ1990ዎቹ አጋማሽ ተቀይሯል። ሞስኪቶ የሚባለው የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላን ደግሞ በአብዛኛው እንጨት ነው፤ እንጨቱና ማጣበቂያው ይበሰብሳል። በ2012 ኒውዚላንድ የበረረው ሞስኪቶ የእንጨት አካሉ በአዲስ የተሠራ ነው። ሰው ግን ሲያየው አለቀሰ። አዲስ እየሠራን እናብር፤ ኦሪጅናሉ ይቀመጥ።

የታሪክ ተማሪዋ፦ በዚህ እስማማለሁ። ከመጀመሪያው እንዲህ ብትል ኖሮ ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልኖረ።

ንስር፦ ለሞስኪቶ ይሠራል። ለላንካስተር ማን አዲስ ይሠራል? የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ክፍል ብቻ 55,573 ሰው ነው ያጣው። ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ያነበበ ልጅ ዞር ብሎ ይረሳዋል። ያ ነገር ከደመና ሲወጣ ያየ ልጅ ግን "ውስጡ እነማን ነበሩ?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ ራሴ ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት እንዲያ ነው።

ዝም ባይ፦ እስካሁን ሳነብ ነበር። ሁላችሁም ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ አብራሪው፣ ስለ ተመልካቹ ታወራላችሁ። በ2015 እንግሊዝ፣ ሾርሃም ላይ አንድ ሃንተር የሚባል አሮጌ የጦር ጄት ትርዒት ሲያሳይ አውራ ጎዳና ላይ ወድቆ አስራ አንድ ሰው ገደለ። አብራሪው ተረፈ። የሞቱት ትኬት ቆርጠው አጥር ውስጥ የገቡት አልነበሩም፤ ውጪ መንገድ ላይ የነበሩ ናቸው። እነሱን ማን ጠየቃቸው? ከዚያ በኋላ እንግሊዞች አሮጌ ጄቶች ከየብስ በላይ ትርዒት ሲያሳዩ መገለባበጥ ከለከሉ፤ ቀጥ ብሎ ማለፍ ብቻ። ይሄ ሕግ ሁሉም ቦታ ቢኖር እኔ ይብረሩ ከሚሉት ነኝ።

ፕሮፔለር፦ ይሄ አሳምኖኛል። ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ድምፁን እንሰማለን፣ በቃ። መገለባበጡን ለዘመናዊዎቹ እንተውላቸው።

መፍቻ፦ እኔ አንድ እጨምራለሁ። መንገደኛ አይጫን። በ2018 ስዊዘርላንድ በ1939 የተሠራ ዩ-52 የሚባል የጀርመን አውሮፕላን ለጉብኝት ሲበር ተራራ ላይ ወድቆ ሃያ ሰው አልቋል። አብራሪዎቹ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ዝቅ ብለው ገብተው ነው። አካሉ ሲመረመር ደግሞ ዝገት ተገኘበት፤ የወደቀው በዝገቱ ባይሆንም። ልምድ ያለው አብራሪ ፈቅዶ ይግባ። በልደቱ ቀን ትኬት የተገዛለት ሰው ግን ስለ ማግኔቶ ምን ያውቃል?

ንስር፦ ጋሼ፣ የመንገደኛው ገንዘብ እኮ ነው ብዙዎቹን በአየር ላይ የሚያቆያቸው። ነዳጁ፣ ዘይቱ፣ ሞተር ማደሱ ከየት ይምጣ? ይሄን ከዘጉ ያው የሷን ሐሳብ ነው የሚደግፉት።

መፍቻ፦ ከዘጋሁት ልዝጋው። ሞተሩን ለማሳደስ በዚያው ሞተር ሰው መጫን ግድ ከሆነ፣ እስኪታደስ ድረስ ሃንጋሩ ውስጥ ይቆይ።

ንስር፦ ሃንጋር ውስጥ "እስኪታደስ" ተብሎ ገብቶ የወጣ ስንቱን ያውቃሉ?