ከጓዳ በሚገኝ የታሸገ ዓሳ ቀለል ያለ እራት

ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ የምንመለሰው መሽቶ ነው፤ ልጆቹም ርቧቸው ይጠብቁናል። ሆድ የማይከብድ የዓሳ እራት መሥራት ፈልጌ ነበር፤ ትኩስ ዓሳ ፍለጋ የምወጣበት ጊዜ ግን የለኝም። ጓዳ ውስጥ የታሸገ ቱና፣ የታሸገ ቲማቲም፣ የታሸገ ነጭ ቦሎቄና ፓስታ አለ። ልጆቹ ደረቅ ቱና አይወዱም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

*

እህቴ፣ ያለሽ ነገር ለጥሩ እራት ይበቃል። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። የታሸገ ዓሳ ጥሬ አይደለም፤ ፋብሪካ ውስጥ ጣሳው ከተከደነ በኋላ ከ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ስለሚቀቀል፣ ስትከፍቺው በስሎ ያለቀ ነው። እንደ ሥጋ ከሽንኩርት ጋር ሲቁላላ የቀረችውን እርጥበት ይጥላል፣ ይፈረፈራል፣ ሽታውም ቤቱን ይሞላል። ብዙ ሰው የታሸገ ዓሳ የሚጠላው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ በዓሳው መፍረዱ ግን ትክክል አይደለም። እሳት ላይ የሚቆየው ስጎው ብቻ ይሁን፤ ዓሳው መጨረሻ ላይ ይግባ።

ለአራት ሰው ሁለት ጣሳ ቱና፣ 400 ግራም የሚመዝን አንድ ጣሳ ቲማቲም፣ ያንኑ ያህል ቦሎቄና 250 ግራም ፓስታ ይበቃል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት በሰፊ መጥበሻ አሙቂና በስሱ የተከተፈ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጨምሪበት። እሳቱ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ነጭ ሽንኩርት ከቡናማነት አልፎ ካረረ ምሬቱ ስጎውን ሁሉ ያበላሻል። ጠረኑ እንደወጣ ቲማቲሙን ጨምሪና 15 ደቂቃ ያህል በዝግታ ይንተክተክ። ዘይቱ ከዳር ከዳር ብልጭ ማለት ሲጀምርና በማንኪያ ሲገፉት የመጥበሻው መሬት ለአፍታ ሲታይ ደርሷል ማለት ነው። ቦሎቄውን በውሃ አለቅልቀሽ ጨምሪ፤ መለቅለቁ የጨውን መጠን ይቀንሳል። ፓስታው ከተቀቀለበት ውሃ አንድ ሲኒ አስቀሪና ከፓስታው ጋር ስጎው ውስጥ ጨምሪው፤ በውስጡ ያለው ስታርች ስጎውን ከፓስታው ጋር ያያይዘዋል።

ከዚያ እሳቱን አጥፊ። ቱናውን አጥልለሽ፣ ሳታደቂው በትልልቁ በሹካ ፈልቅቀሽ ጨምሪና ክዳን ግጠሚበት። የስጎው ሙቀት በሁለት ደቂቃ ያሞቀዋል። የግማሽ ሎሚ ጭማቂና ቁንዶ በርበሬ ከጨመርሽ በኋላ ቅመሺ፤ ጨው የሚጨመረው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ቱናው ራሱ ጨው አለበትና። ቅቤም ክሬምም አያሻውም፤ ቦሎቄው ያጠግባል፣ ሎሚው ያቀልለዋል።

*

በመልሱ እስማማለሁ፤ ስለ ዓሳው ዓይነት ግን ጥቂት ልጨምር፤ ልጆች የሚበሉት ስለሆነ ያሳስበኛል። በዘይት የታሸገ ቱና ሲጠለል ኦሜጋ ሦስት ከተባለው ጠቃሚ ቅባቱ የተወሰነው ከዘይቱ ጋር አብሮ ይፈስሳል፤ በውሃ የታሸገው በአብዛኛው ይዞት ይቆያል። ቀለል ያለ እራት ለሚፈልግ ሰው በውሃ የታሸገው ይሻላል። ጣሳው ላይ «አልባኮር» ወይም «ነጭ ቱና» የሚል ካለ፣ የሜርኩሪ (በዓሳ ሥጋ የሚከማች መርዛማ ብረት) መጠኑ ከተለመደው ትንሽ ቱና ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ሴቶች አዘውትሮ ባይቀርብ እመርጣለሁ። ሳርዲን ከሁሉም የተሻለ ነው። ትንሽ ዓሳ ስለሆነ ሜርኩሪ ብዙም አያከማችም፤ አጥንቱም ለስልሶ ስለሚበላ ካልሲየም ይሰጣል። ከላይ በተጻፈው አሠራር ቱናውን በሳርዲን መተካት ይቻላል፤ ሳርዲን ጣዕሙ ጠንከር ስለሚል ሎሚውን ከፍ ማድረግ ነው።

*

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ዛሬ ማታ እሠራዋለሁ። የተረፈውን ለነገ ምሳ ብናስቀምጠው ችግር አለው?

*

ችግር የለውም፤ ከተሠራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ማቀዝቀዣ ይግባ እንጂ። ቱና ሞቅ ባለ ቦታ ሲቆይ ሂስታሚን ይፈጠርበታል፤ ይህ ደግሞ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም፣ ፊትን የሚያቀላና ራስ ምታት የሚያስከትል መመረዝ ያመጣል። በተከፈተው ጣሳ ሳይሆን ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ አስቀምጪው፤ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ያበጠ ወይም ያፈሰሰ ጣሳ ካገኘሽ ደግሞ ሳትቀምሺ ጣይው።