ጎመኔ ላይ ክሽክሽ ወጣ፤ ያለ መድኃኒት ምን ይሻለኛል?

የጓሮ እናት (አዳማ)፦
ሰላም ቤቶች። ተከራይ ነኝ። አከራዬ ፈቅደውልኝ በአጥሩ ሥር 3 ሜትር በ1 ሜትር የምትሆን ቦታ ላይ ጎመንና ቆስጣ ተክያለሁ፤ ቃሪያው በቀለም ባልዲ ነው። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ያጠጣሁት ከሰዓት አቧራ ነው። ውኃው በፈረቃ ስለሆነ ከጀሪካን ለጎመን ስቀዳ አንጀቴ ቅጥል ይላል። አሁን ደግሞ ቅጠሉን ገልበጥ ሳደርገው ግራጫ ክሽክሽ (የቅጠሉን ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ)፣ ዱቄት የነሰነሱበት ይመስላል። ጎረቤቴ ማላታይን የሚባለውን የተባይ መርዝ ርጪበት አለችኝ። የ4 ዓመት ልጄ ግን ቅጠሉን እየቀነጠሰ ጥሬውን ነው የሚበላው! የልብስ እጣቢስ ባጠጣበት ምን አለው?

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦
እህቴ፣ ማላታይኑን ተዪው። በጣም የተወረረውን ቅጠል ቆርጠሽ ጣዪ። ለቀረው በ1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ፣ ፀሐይ ስትበርድ ከቅጠሉ ሥር ርጪ። ሳሙናው ካልነካው አይሞትም፤ ከላይ ከላይ ማርከፍከፍ ድካም ብቻ ነው። ከ4 ቀን በኋላ ድገሚው። ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ካየሽ እንዳትነኪያት፣ ክሽክሽ ነው ቀለቧ። ልጁም ሳይታጠብ እንዳይቀምስ።

ቡና ወዳድ፦
አመድ ነስንሺበት፣ እኛ ቤት እንደዚያ ነው።

ጡረተኛው (አዳማ)፦
አመዱ በልክ ይሁን ልጄ። የስምጥ ሸለቆ አፈር ብዙ ቦታ ላይ ሲፈጥረው አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ አመድም ያንኑ ይጨምርበታል። የልብስ እጣቢውን ግን ጨርሶ አታስጠጊው። የዱቄት ሳሙናው ሶዲየም አፈሩን ያደርቀዋል፣ በረኪና ካለበትማ አይወራም። የአትክልትና የምስር እጣቢ አጠራቅሚ። ከሁሉ በፊት መሬቱን በጤፍ ጭድ አራት ጣት ያህል ጎዝጉዢው፣ ግንዱን ሳይነካ። እኔ መጀመሪያ ደረቁን አነጠፍኩና ነፋሱ ጠራርጎ ለጎረቤት ግቢ አለበሰው፤ ከዚያ ወዲህ ውኃ ነክሬ፣ ጭራሮ ጭኜበት ነው። ለቃሪያው ሃይላንድ ቂጡን ቁረጪ፣ ክዳኑን በሚስማር ብሺና ዘቅዝቀሽ ሥሩ አጠገብ ትከዪ። ቀስ እያለ ያጠጣልሻል።

የጓሮ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ አባባ። ሁለተኛውን ዙር ረጭቻለሁ፤ ክሽክሹ ሳስቷል፣ ሁለት ችግኝ ግን ነቅያለሁ። ማታ በስልክ መብራት ቅጠል እየገለበጥኩ አከራዬ ወጥተው፣ «ምን ጠፋሽ?» ብለው አብረውኝ ሲፈልጉ ነበር። ጭዱ ነገ ይመጣል፣ ጭራሮውም ከእሳቸው ማድቤት።